አባ ጎርጎርዮስ እና ኢዮብ ሉዶልፍ፦ ከሮማ እስከ ጎታ የዘለቀ ወዳጅነት

በ1649 ዓ.ም. በሮማ ከተማ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ቤት አንድ የሃያ አምስት ዓመት ጀርመናዊ ወጣት መጥቶ ግዕዝ የሚያስተምረው ሰው እንደሚፈልግ ተናገረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቤቱ ነዋሪዎች መልስ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ግዕዝ ብዙ ዘመንና ብዙ ድካም የሚጠይቅ ትምህርት በመሆኑ ኢትዮጵያ ሄዶ ካልሆነ በቀር አውሮፓ ተቀምጦ መማር እንደማይቻል፣ በመካከላቸው ጎርጎርዮስ የሚባሉ አዋቂ ካህን ቢኖሩም እርሳቸው ላቲንም ሆነ ጣልያንኛ እንደማያውቁ ገለጹለት። ወጣቱ ግን ጥቂት ሲያነብ ብቻ እንዲያደምጡትና የከበደውን እንዲያብራሩለት ለመነ። ማንበብ ሲጀምር በድምፅ አወጣጡ ሁሉም ሳቁ። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ፤ በአገራቸው ለነበሩት የተማሩ ኢየሱሳውያን አባቶች እንኳ የከበደውን ቋንቋ ይህ ወጣት ያለ መምህር መረዳቱ አስገረማቸው። ወዲያውም አባ ጎርጎርዮስ ተጠሩ።

ይህን ታሪክ የምናውቀው ወጣቱ፣ ማለትም ኢዮብ ሉዶልፍ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ተረከው ነው። ሉዶልፍ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተብሎ ይታወቃል፤ የአባ ጎርጎርዮስ ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ ስም ቀጥሎ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ እንደ መረጃ ሰጪ ብቻ ይጠቀሳል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የካህኑን ሕይወት በቅደም ተከተል መተረክና በሁለቱ ሰዎች መካከል የነበረው ግንኙነት ከመረጃ ሰጪነትና ከመረጃ ተቀባይነት ያለፈ፣ በባዕድ አገር በቋንቋና በባህል ልውውጥ የተመሠረተ ወዳጅነት እንደ ነበረ ማሳየት ነው። በጸሐፊው እምነት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታተሙት ታላላቅ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ያለዚህ ወዳጅነት ባልተጻፉ ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ በ1595 ገደማ በአምሐራ ምድር፣ በዛሬው ወሎ በሚገኘው በመካነ ሥላሴ፣ ከባላባት ወገን ተወለዱ። መካነ ሥላሴ በዐፄ ናዖድ ተጀምሮ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የተፈጸመው ስመ ጥር ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ስፍራ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጥሏል። ስለዚህ ጎርጎርዮስ ያደጉት የቀድሞ ክብሩ በሽማግሌዎች አንደበት በሚነገርበት፣ ፍርስራሹ ግን በዓይን በሚታይበት አካባቢ ነበር። አገሩም ከዚያ ጦርነት በወጉ ሳያገግም ሌላ መከራ እየቀረበው ነበር፤ ይኸውም የሃይማኖት ክርክር ነው።

ካህኑ ለአካለ መጠን በደረሱበት ዘመን በዙፋኑ ላይ የነበሩት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን፣ በተለይም በፔድሮ ፓኤዝ ትምህርት ተስበው በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1625 ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ ሲገቡ ግፊቱ በረታ፤ የቀደመው ሥርዓት እንዲለወጥ ታዘዘ፤ በየአውራጃው ዐመፅ ተነሣ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባረሩ። ጎርጎርዮስ የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉትና ከኢየሱሳውያኑ ጋር ቅርበት ከነበራቸው ወገኖች አንዱ ስለ ነበሩ፣ የእነርሱ ውድቀት ለእርሳቸውም ስደት ሆነ። ሰው ከአገሩ የሚወጣው ለትምህርት ወይም ለንግድ ሊሆን ይችላል፤ እርሳቸውን ያስወጣቸው ግን የተሸነፈ ወገን አባል መሆናቸው ነው። ይህን ማስታወስ ኋላ በጎታ የተናገሩትን ለመመዘን ይጠቅማል።

ከረዥም መንከራተት በኋላ ያረፉበት የሮማው ቤት ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ይባላል። ቤቱ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች መጠጊያ ሆኖ ያገለገለ ነው። በዚህ ቤት ከአባ ጎርጎርዮስ መቶ ዓመት ቀደም ብለው የኖሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በሮማ አሳትመዋል፤ በ1552 የመጀመሪያውን የግዕዝ ሰዋስው በላቲን ያሳተመው ማርያኖ ቪቶሪዮም ቋንቋውን የተማረው ከእርሳቸው ነው። ስለዚህ የአንድ ኢትዮጵያዊ ካህንና የአንድ አውሮፓዊ ተማሪ በዚህ ቤት መገናኘት አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነው ግንኙነቱ የቆየበት ዘመንና የደረሰበት ጥልቀት ነው።

ሉዶልፍ በ1624 በኤርፉርት ከተማ የተወለደ ሰው ነው። ልጅነቱ ከ1618 እስከ 1648 ጀርመንን ባወደመው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ውስጥ አለፈ። የተማረው ሕግ ነበር፤ ልቡ ግን በቋንቋ ላይ ነበረ። ገና በኤርፉርት ሳለ ፖትከን በ1513 በሮማ ካሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ጋር ተዋወቀ፤ ይህም በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ኋላም ወደ ሆላንድ ሄዶ በላይደን ትምህርቱን ቀጠለ። በጊዜው ለተማሪ ይረዳ የነበረው ያዕቆብ ዌመርስ የተባለ ካህን በ1638 ያሳተመው ትንሽ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ቢሆንም፣ ስሕተቱ ብዙ ነበር። ሉዶልፍ በፓሪስ በስዊድን አምባሳደር ቤት ሳለ፣ ዮሐንስ ማግኑስ የተባለው የስዊድን ሊቀ ጳጳስ በስደቱ ጊዜ ወደ ሮማ ወስዷቸዋል የተባሉትን ሰነዶች እንዲፈልግ ተላከ። ሰነዶቹን አላገኘም። በምትካቸው አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ የተላከበት ጉዳይ ዛሬ የሚታወሰውም በዚህ ምክንያት ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቸጋሪ ነበሩ። ካህኑ የአውሮፓ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ወጣቱም አማርኛ አያውቅም ነበር። በመካከላቸው የቆመው ከፖርቱጋላዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው አንቶኒዮ ዳንድራዴ ነበር። አስተርጓሚ ባለበት ንግግር ሁለት ሰዎች ይግባባሉ እንጂ ወዳጅ አይሆኑም፤ ሉዶልፍም ይህን ሳይረዳ አልቀረም። ስለዚህ ሁለቱ ቀስ በቀስ ሦስተኛውን ሰው እየተዉ እርስ በርሳቸው በግዕዝ መነጋገር ጀመሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ይመስለኛል። ግዕዝ ለአባ ጎርጎርዮስ የቅዳሴ፣ የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ ነበር፤ ገበያ የሚወጡበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ልጅ የሚያባብሉበት ቋንቋ አማርኛ ነው። ለሉዶልፍ ደግሞ ግዕዝ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቀው፣ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር እያመሳከረ የሚፈታው ነገር ነበር። ሁለቱም በዚህ ቋንቋ ቀልደውበት፣ ተቆጥተውበት ወይም ምግብ ጠይቀውበት አያውቁም። ካህኑ ከመጻሕፍት የሚያውቁትን ቋንቋ ለዕለት ኑሮ እንዲያገለግል ማጠፍ ነበረባቸው፤ ተማሪው ደግሞ በዓይኑ ያወቀውን በጆሮውና በአንደበቱ እንደገና መማር ነበረበት። ስለዚህ በዚያ ንግግር ባለቤትና እንግዳ አልነበረም፤ ሁለቱም ከቤታቸው ወጥተው መሐል መንገድ ላይ ተገናኙ። የውጭ አገር ትምህርት ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንዱ ወገን በገዛ ቋንቋው ዘና ብሎ ሌላው ብቻ በሚንተባተብበት ወዳጅነት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የበላይነት አለ። በሮማው ቤት የነበረው ይህ አልነበረም።

የድምፁ ጉዳይ ግን የካህኑ ሥልጣን ሆኖ ቀረ። ጠ፣ ጸ፣ ቀ የመሳሰሉት ፈንጂ ድምፆች በአውሮፓ ቋንቋዎች ስለማይገኙ ሉዶልፍ ሊማራቸው የሚችለው ከሕያው አንደበት ብቻ ነበር። በሌላ በኩል ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአገራችን የንባብ ልማድ በድምፅ ስለማይለዩ፣ የየቃሉን ትክክለኛ ፊደል ለመወሰን ሉዶልፍ በዘመድ ቋንቋዎች ንጽጽር መርዳት ይችል ነበር። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይዞ ነበር። ካህኑ የቃሉን ትርጉም፣ አገባብና ንባብ ሰጡ፤ ወጣቱ የቃሉን ዝምድና ፈለገ።

ሉዶልፍ ወደ ጀርመን ተመልሶ በ1652 በዛክስ ጎታው መስፍን በኤርንስት ቀዳማዊ አገልግሎት ላይ ነበረ። መስፍኑ በጦርነት የተጎዳ አነስተኛ ግዛት የተረከበ፣ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ትምህርት የሚጨነቅ ሰው ነበር፤ ጦርነቱ ሳያበቃ በ1642 ያወጣው የትምህርት ደንብ በግዛቱ ያሉ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያስገድድ ነው። ከአማካሪው ስለ ኢትዮጵያዊው ካህን በሰማ ጊዜ ወደ ጎታ እንዲመጡ ጋበዘ። መስፍኑ የሉተር እምነት ተከታይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። አባ ጎርጎርዮስ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከተማ፣ በካቶሊኮች እንግድነት የሚኖሩ ስደተኛ ነበሩ፤ ስለ ካቶሊክ እምነት ሲሉ አገራቸውን አጥተዋል። የካቶሊኮችና የፕሮቴስታንቶች ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር። በእነዚህ ሁኔታዎች ከአልፕስ ተራሮች ማዶ ወዳለ የሉተራውያን ቤተ መንግሥት መሄድ ለሃምሳ ሰባት ዓመት አዛውንት ቀላል ውሳኔ ሊሆን አይችልም። የሄዱት ለመስፍኑ ሲሉ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ መስፍኑን አያውቁትም። የሚያውቁት ኢዮብን ነበር።

በዚያው ዓመት በበጋ ጉዞው ተፈጸመ። መስፍኑ እንግዳውን በመጀመሪያ በሄልድቡርግ አምባ ተቀበላቸው፤ ከዚያም በጎታ፣ ፍሪደንሽታይን በተባለው በአዲሱ ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። ፍሪደንሽታይን ግንባታው በ1643 የተጀመረ ሲሆን በዚያን ጊዜ ገና በመሠራት ላይ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በታሪክ በስም የሚታወቁ፣ ወደ ጀርመን ለጥናት ተጋብዘው የሄዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቅ እንደ ሆኑ ይነገራል።

የጎታው ቆይታ በጥያቄና በመልስ የተሞላ ነበር። መስፍኑና የሃይማኖት ሊቃውንቱ ይጠይቃሉ፤ ሉዶልፍ ጥያቄውን ወደ ግዕዝ ይመልሳል፤ ካህኑ በግዕዝ ይመልሳሉ፤ መልሱ ይጻፋል። የጥያቄዎቹ ስፋት ያስደንቃል። ስለ ጥምቀት፣ ስለ ጾምና ስለ ሰንበት አከባበር፤ ስለ ንጉሡ አነጋገሥና ስለ መሳፍንቱ ማዕርግ፤ ስለ ዓባይ ምንጭ፣ ስለ ክረምቱ ዝናብ፤ ስለ ጤፍና ስለ እንሰት፣ ስለ ጠጅ፤ ስለ ዝሆን፣ ስለ ጉማሬና ስለ የሜዳ አህያ ተጠየቁ። ሉዶልፍ ኋላ በ1681 በፍራንክፈርት ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ በአራት መጻሕፍት የተከፈለ ነው፤ የአገሩ ተፈጥሮና ሕዝቡ፣ መንግሥቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በመጨረሻም የቤት ኑሮውና ሥነ ጽሑፉ። የመጽሐፉን አከፋፈል ያየ ሰው የጎታን የጥያቄ ማዕድ ከሩቅ ያያል።

ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው የቋንቋ ተማሪ የሚበልጠው የአማርኛው ጉዳይ ነው። በአውሮፓ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የኢትዮጵያ ቋንቋ ሲባል ግዕዝ ማለት ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግን ልሳነ መጽሐፍ የተባለው ግዕዝና ልሳነ ንጉሥ የተባለው አማርኛ ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች መሆናቸውን ለወዳጃቸው አስረዱ፤ የአማርኛ ቃላትን ነገሩት፣ የግሡን እርባታ አሳዩት፣ ከሉቃስ ወንጌል አንድ አጭር ክፍል ወደ አማርኛ ተርጉመው ሰጡት። በዘመኑ የአገራችን ሊቃውንት አማርኛን ለመጻፍ የሚመርጡት ከስንት አንዴ ነበር። የተማሩ ካህን ሆነው ሳለ የቤታቸውን ቋንቋ ለጥናት የሚበቃ ብለው መቁጠራቸው በራሱ ትልቅ እርምጃ ነው። ምናልባት ስደት የቤትን ቋንቋ ዋጋ ከትምህርት ቤት ይልቅ አጥብቆ ያስተምር ይሆናል።

የካህኑ ምስክርነት ያፈረሰው ተረትም ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ስለ ኢትዮጵያ ከሚያነቡት አብዛኛው ቄስ ዮሐንስ ስለሚባለው ንጉሥ የተፈጠረ ወሬ ነበር። በተለይ በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የቫሌንሲያ መነኩሴ ያሳተመው መጽሐፍ በአምባ ግሸን ላይ ስፍር ቁጥር የሌላቸው መጻሕፍት የተከማቹበት ቤት እንዳለ ሳይቀር ይተርክ ነበር። ሉዶልፍ እነዚህን ተረቶች የተከራከረው ከፖርቱጋላውያን ጽሑፎች ጋር በጎርጎርዮስ ቃል ተመርኩዞ ነው። ለአንድ ስደተኛ አገሩን ከእውነቱ አግንኖ ማቅረብ ምን ያህል ፈተና እንደ ሆነ የውጭ ኑሮ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሰሚዎቹ ደግሞ የተጋነነውን ለመስማት የጓጉ ነበሩ። ካህኑ የወርቅ አገር ከመሸጥ ይልቅ ጤፍ የሚዘራበትን፣ ዝናብ የሚጠበቅበትን፣ ሰው በሃይማኖት ተከፋፍሎ የተዋጋበትን አገር ነገሯቸው።

ይህ ሲባል ምስክርነታቸው ወሰን የሌለው ነበር ማለት አይደለም። የሚያውቁት የአምሐራን ምድርና የቤተ መንግሥቱን አካባቢ ነው፤ ከአገራቸው ከወጡም ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። የተናገሩት የሱስንዮስን ዘመን ባየ፣ በዚያ ዘመን ክርክርም ወገን በነበረው ሰው ዓይን ነው። ሉዶልፍም ከደቡቡና ከምሥራቁ ሕዝብ አንድ ሰው ሳያገኝ ስለ መላው ኢትዮጵያ ጻፈ። በኋላ ዘመን ኢትዮጵያ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ በአንድ መስኮት ብቻ መታየቷ ከዚህ የጀመረ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጥፋቱን ግን በካህኑ ላይ መጫን አይገባም፤ እርሳቸው የተጠየቁትን የሚያውቁትን ያህል መለሱ።

በበልጉ ወራት አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጣልያን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ወዳጅነታቸው ግን በደብዳቤ ቀጠለ። ደብዳቤዎቹ የተጻፉት በግዕዝ ሲሆን፣ ሉዶልፍ የቃላትን ትርጉም ይጠይቃል፣ ካህኑ ይመልሳሉ። እነዚህን ጽሑፎች ዮሐንስ ፍሌሚንግ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሳትሟቸዋል። ለጥናት የሚጠቅሙበት አንዱ ምክንያት ቋንቋቸው ነው፤ የአማርኛ ተናጋሪ ሊቅ ግዕዝን ለግል ደብዳቤ ሲጠቀምበት አማርኛው እንዴት ከሥር ብቅ እንደሚል ያሳያሉ። ሌላው ምክንያት ደግሞ በሌሎቹ መጻሕፍት አባ ጎርጎርዮስ በሉዶልፍ አንደበት ሲናገሩ፣ እዚህ ግን በገዛ እጃቸው ስለሚጽፉ ነው።

በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ነበር። በኢትዮጵያ ዐፄ ፋሲለደስ ገና በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ለካቶሊክ ካህናት ደግሞ አገሩ ዝግ ነበር። ይህን ሳያውቁ የተነሡ አይመስልም። የተሳፈሩበት መርከብ በሶርያ ጠረፍ፣ ዛሬ ኢስከንደሩን በሚባለው ወደብ አጠገብ ተሰበረና በባሕሩ ሰጠሙ። መካነ ሥላሴን ዳግመኛ አላዩም።

ሉዶልፍ በዚያን ጊዜ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር፤ ገና ሰዋስውም መዝገበ ቃላትም አላሳተመም። በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በለንደን ታተሙ፤ ነገር ግን ኅትመቱን የተቆጣጠረው ተማሪው ዮሐንስ ሚካኤል ቫንስሌብ የራሱን ነገር እየጨመረ መጽሐፉን ስላበላሸበት እጅግ አዘነ። መስፍኑ ኤርንስት ይህንኑ ቫንስሌብን በ1663 ወደ ኢትዮጵያ ላከው። እርሱ ግን ከግብፅ አላለፈም፤ ሃይማኖቱን ለውጦ ካቶሊክ ሆነ፣ ወደ ጎታም አልተመለሰም። ከመምህሩ ጋር በአንድ አገር ቋንቋ የሚግባባው፣ ከአንድ አካባቢ የወጣው ተማሪ ካደ፤ በሌላ እምነት፣ በሌላ ዕድሜ፣ በሌላ ምድር የተወለዱት ካህን ግን እስከ ሞት ታመኑ። ሉዶልፍ ይህን ሳያነጻጽር የቀረ አይመስለኝም።

ቀሪው ዘመኑ ከጎርጎርዮስ የተቀበለውን በማሳተም አለፈ። የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681 ወጣ፤ በዓመቱ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። በ1683 አውሮፓን ከኢትዮጵያ ጋር ለማስተሳሰር ሲል እስከ እንግሊዝ ሄዶ ደከመ፤ አልተሳካለትም። በ1691 የታሪኩን ሰፊ ማብራሪያ አሳተመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛና ላቲን መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት ወጡ፤ ለቋንቋችን በኅትመት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በ1699 የግዕዝ መዝገበ ቃላቱ፣ በ1702 ሰዋስዉ ታርመው እንደገና ታተሙ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ቃል ሲያጠራጥር፣ አንድ ልማድ ሲነሣ፣ ሉዶልፍ የጎርጎርዮስን ስም ይጠራል፤ የሚጠራውም እንደ ሩቅ ምንጭ ሳይሆን የራሱ ሰው እንደ ሆነ አድርጎ ነው።

በእኛ የድኅረ ምረቃ ጽሑፎች መረጃ የሰጡን ሰዎች ብዙ ጊዜ በቁጥርና በፆታ ብቻ ይቆጠራሉ፤ ስማቸውን መደበቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ አይካድም። ሉዶልፍ ያደረገው ግን ሌላ ነው፤ የነገሩትን ሰው ስም፣ የትውልድ ስፍራና ጠባይ ከነገሩት ነገር ጋር አስተሳስሮ አስቀመጠ። ስለዚህም አንባቢው የትኛው ከጎርጎርዮስ፣ የትኛው ከፖርቱጋላውያን፣ የትኛው ከራሱ ከሉዶልፍ እንደ መጣ በብዙ ቦታ መለየት ይችላል። የአማርኛው ሰዋስው ርእስ ገጽ የአንድ ሰው ስም ብቻ ቢይዝም፣ ውስጡ ያለው ምስክርነት የሁለት ሰዎች ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ የአማርኛ ሰዋስው በአውሮፓ የታተመው በ1842 በኢዘንበርግ ነው፤ በመካከሉ ለነበሩት 144 ዓመታት አማርኛን መማር የሚፈልግ አውሮፓዊ ሁሉ ሳያውቀው የመካነ ሥላሴን አማርኛ ተማረ። በግዕዝም በኩል ዲልማን በ1857 ሰዋስዉን፣ በ1865 መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ የተነሣው ከሉዶልፍ መሠረት ነው።

ሉዶልፍ በ1704 በፍራንክፈርት በሰማንያ ዓመቱ ገደማ ዐረፈ፤ አባ ጎርጎርዮስን በጎታ ከተሰናበተ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በ1691 በወጣው የማብራሪያ መጽሐፍ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ምስል ተቀርጾ ታትሟል። መጽሐፉ በታተመ ጊዜ ካህኑ በባሕር ከሰጠሙ 33 ዓመት አልፎ ነበር።